መድኃኒት፣ ምክርና ባልንጀራ፦ የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና መመሪያ ከስሜን ግርጌ ሲነበብ

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦፒዮይድ ጥገኝነት ሕክምና መመሪያ ከርእሱ ጀምሮ አቋሙን ያስታውቃል። «በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ድጋፍ የታገዘ የመድኃኒት ሕክምና» ይላል። በዚህ አጠራር መድኃኒቱ ግንድ ነው፤ የምክር አገልግሎቱና የአቻ ድጋፉ ደግሞ ግንዱን ደግፈው የሚያቆሙ ባላዎች ናቸው። የአቻ ድጋፍ ስንል ያንኑ የሱስ መንገድ ያለፈ ሰው ገና በመንገዱ ላይ ላለው የሚሰጠውን እገዛ ማለታችን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መመሪያውን ማብጠልጠል አይደለም። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የሚሠራ የጤና ባለሙያ መመሪያውን ቢያነበው የት እንደሚጠቅመው፣ የትስ እንደሚጎድለው መመርመር ነው። መነሻ ሐሳባችንም ይህ ነው፦ ምክርና የአቻ ድጋፍ የሕክምናው አካል እንጂ ጌጥ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ወደ መድኃኒቱ የሚያስገባ በር ጠባቂ ሆነው መቆም የለባቸውም። መመሪያው ይህን በመርሕ ደረጃ በትክክል አስቀምጦታል። መርሑ በእግር በሚኬድበት አገር እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ግን አልነገረንም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ስላለመሆኑ

የኦፒዮይድ ሱስ ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥኖ የሚታየን የባሕር ማዶ ሄሮይን ነው። በእኛ አካባቢ ግን ጥያቄው የሚነሣው ከፋርማሲ መደርደሪያ ነው። ትራማዶል ለመካከለኛና ለጠንካራ ሕመም የሚታዘዝ የታወቀ መድኃኒት ነው። እንደ ሞርፊን ባሉ መድኃኒቶች ላይ የተጣለው ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ስላልደረሰበት ከእነርሱ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። በምዕራብና በሰሜን አፍሪካ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚደረገው አጠቃቀሙ ከባድ የኅብረተሰብ ጤና ችግር እስከ መሆን ደርሷል።

የስሜን ግርጌ ደግሞ ሕመም የበዛበት ስፍራ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ዳርቻ ደርሶ ብዙዎችን ገድሏል፣ አቁስሏል፣ ከቤታቸው አፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት ወረዳ የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቶ ከትግራይ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን እንዲሰፍሩበት ተደርጓል። የቁስል ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ፣ ሕመሙን የሚያስታግሰው ክኒን ሐዘኑንም የሚያስታግስ መስሎ ይታያል። የሱስ በር የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

እንበል፣ እግሩ ተሰብሮ የዳነ ወጣት ገበሬ ለሁለት ሳምንት የታዘዘለትን ትራማዶል ለስምንት ወር ወስዶታል። ክኒኑን ያጣ ቀን ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይታወካል፣ ይጨነቃል፤ እንቅልፍም የለውም። በቀን ከ400 ሚሊ ግራም በላይ መውሰድ ስለ ጀመረ አንድ ጊዜ ሰውነቱን አንቀጥቅጦ ጥሎታል፤ ቤተሰቡም የሚጥል በሽታ ነው ብሎታል። ከዲያዜፓም ወይም ከአረቄ ጋር ቢወስደው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ሰው ደርሶለት ናሎክሶን ቢሰጠው እንኳ መድኃኒቱ የትራማዶልን ጉዳት የሚቀለብሰው በከፊል ብቻ ነው። ይህ ታካሚ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ምን እንለዋለን?

በተግባር የምንለው ብዙ ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ይህን ነገር ተው።» ካልተወ ደግሞ የምንታዘዘው ለአንድ የቆየ አባባል ነው፦ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።» አባባሉ ለልጅ አስተዳደግ ይጠቅም ይሆናል። በሱስ ሕክምና ግን መከራ መካሪ አይሆንም፤ ገዳይ ነው። መመሪያው ከሁሉ በላይ የሚሞግተውም ይህንኑ ልማድ ነው።

መመሪያው ምን ይላል?

ዋና ዋና ነጥቦቹ የሚከተሉት ናቸው። ለአብዛኞቹ የኦፒዮይድ ጥገኞች ሱሱን በአጭር ጊዜ አስቁሞ ከማሰናበት ይልቅ በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን ለረጅም ጊዜ ማቆየት የተሻለ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች በ2005 እ.ኤ.አ. በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የሜታዶን የተለመደ የማቆያ መጠን በቀን ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ ሊቀርብለት ይገባል። ድጋፉን ያልፈለገ ታካሚ፣ ወይም ድጋፉን ማቅረብ ያልቻለ ተቋም ታካሚ፣ መድኃኒቱን መከልከል ግን የለበትም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። መድኃኒት ያለ ምክር በቂ ነው ማለቱ አይደለም፤ በምክር እጦት ምክንያት መድኃኒትን መንፈግ ስሕተት ነው ማለቱ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያልያዘ ባለሙያ ወደ አንዱ ጽንፍ መውደቁ አይቀርም።

ማስረጃዎቹ ሲመዘኑ

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ከድጋፍ ተለይቶ አያውቅም። ቪንሰንት ዶልና ሜሪ ኒስዋንደር በ1965 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በ22 የሄሮይን ሱሰኞች ላይ የሜታዶንን ጥቅም ሲያስታውቁ፣ መድኃኒቱን የሰጡት ከተሐድሶ አገልግሎት ጋር ነበር። ውጤት ብለው ያቀረቡትም የሄሮይን ፍላጎት መጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ታካሚዎቹ ወደ ትምህርት፣ ወደ ሥራና ወደ ቤተሰባቸው መመለሳቸውንም ጭምር ነበር።

ለምክር ደጋፊዎች ዋናው ማስረጃ ማክሌላንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። 92 ወንድ ታካሚዎች በዕጣ በሦስት ተከፍለው ለስድስት ወር በቂ መጠን ያለው ሜታዶን ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን መድኃኒቱን ብቻ፣ ሁለተኛው መድኃኒትና ምክር፣ ሦስተኛው ከመድኃኒትና ከምክር በተጨማሪ የሕክምና፣ የሥራና የቤተሰብ አገልግሎት አገኘ። አደንዛዥ ዕፅ መጠቀማቸውን ባለማቆማቸው ወይም ድንገተኛ የጤና ችግር ስለ ገጠማቸው ከምድባቸው እንዲዛወሩ የተደረጉት ከመጀመሪያው ቡድን 69 በመቶ፣ ከሁለተኛው 41 በመቶ፣ ከሦስተኛው 19 በመቶ ነበሩ። ድጋፉ በጨመረ ቁጥር ውድቀቱ ቀንሷል።

በሌላ በኩል አማቶና ባልደረቦቿ በ2011 እ.ኤ.አ. 35 ጥናቶችንና 4319 ተሳታፊዎችን ያካተተ የኮክሬን ግምገማ አቅርበዋል። ከተለመደው የማቆያ ሕክምና ላይ ልዩ የሥነ ልቦና ሕክምና መጨመሩ ታካሚዎችን በሕክምናው በማቆየትም ሆነ የኦፒዮይድ አጠቃቀማቸውን በመቀነስ ረገድ ተጨማሪ ጥቅም እንዳላሳየ ደምድመዋል። ይህን ውጤት ይዘው «ምክር አይጠቅምም» የሚሉ አሉ። አነባበባቸው ግን የተሳሳተ ነው። በእነዚያ ጥናቶች «የተለመደ» የተባለው ሕክምና ራሱ መደበኛ ምክርን የያዘ ነበር። የተመዘነው በምክር ላይ የተጨመረ ሌላ ምክር ነው። ምክር በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ግምገማ ብዙም የሚነግረው ነገር የለም።

ሦስተኛው ማስረጃ በ2006 እ.ኤ.አ. ከባልቲሞር የወጣው የሽዋርትዝና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ሙሉ ሕክምና ለማግኘት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ገሚሶቹ ያለ መደበኛ ምክር ሜታዶን ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ተራ መጠበቅ ቀጠሉ። በአራት ወር ውስጥ ወደ ሙሉ ሕክምና የገቡት ከመጀመሪያዎቹ 76 በመቶ ገደማ፣ ከሁለተኛዎቹ 21 በመቶ ገደማ ሆኑ። አማካሪ እስኪገኝ ታካሚን ደጅ ማስጠናት ታካሚን ማጣት ነው ማለት ነው።

የሚታጣው ደግሞ ሰው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ስልታዊ ግምገማ እንዳመለከተው፣ በሜታዶን ሕክምና ላይ በነበሩበት ጊዜ የታካሚዎች የሞት መጠን በ1000 የሰው ዓመት 11.3 ሲሆን፣ ከሕክምናው ከወጡ በኋላ 36.1 ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱን ለጥቂት ሳምንታት ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን የመቋቋም አቅሙን ያጣል። ሱሱ ሲያገረሽበት በለመደው መጠን ይጀምርና ይሞታል። ስለዚህ ለሳምንት አስተኝተን «ንጹሕ ሆኗል» ብለን ያለ ምንም ክትትል የምናሰናብተው ታካሚ፣ ከመምጣቱ በፊት ከነበረበት ለባሰ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

ሦስቱ ማስረጃዎች ተያይዘው ሲነበቡ አይጣሉም። መድኃኒቱ ሕይወትን ያቆያል፤ ምክርና ድጋፍ የቆየችውን ሕይወት መኖሪያ ያደርጓታል። ሁለተኛው እስኪሟላ የመጀመሪያውን ማዘግየት አይገባም፤ የመጀመሪያው ተገኘ ተብሎም ሁለተኛው መተው የለበትም።

ምክር ወይስ ተግሣጽ?

መመሪያው «ድጋፍ ሰጪ ምክር» ሲል አማርኛው ያሳስተናል። በቋንቋችን መካሪ ታላቅ፣ ተመካሪ ታናሽ ነው፤ መካሪው ያውቃል፣ ተመካሪው ይሰማል። በሙያው የምክር አገልግሎት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ታካሚው ነው። ባለሙያው የሚጠይቀው «ለምን ጀመርህ?» ብሎ እንደ መርማሪ አይደለም። «ክኒኑ ምን ይጠቅምሃል? ምንስ አሳጣህ? ከዚህ በፊት ትተኸው በነበረ ጊዜ የረዳህ ምን ነበር?» ብሎ ነው። ከታካሚው አፍ የወጣ አንድ የመለወጥ ምክንያት ከባለሙያው አፍ ከሚወጡ ዐሥር ማስፈራሪያዎች ይልቅ ይሠራል።

እዚህ ላይ መመሪያው ጉድለት አለበት። ምክር ይሰጥ ይላል እንጂ፣ በቀን ብዙ ሕሙማን የሚያይ አንድ ነርስ በስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጠው አያሳይም። መጋረጃ በሌለበት የተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ ቀጣዩ ታካሚ በሩን ገፍቶ በሚገባበት ሁኔታ፣ ስለ ሱስ መነጋገር አይቻልም። በአገራችን በአእምሮ ጤና አገልግሎት ማስፋፊያ መርሐ ግብር ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቱ ሌላ መመሪያ፣ ማለትም ለአጠቃላይ ባለሙያዎች የተዘጋጀው የአእምሮ ጤና ክፍተት መሙያ መመሪያ፣ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ጥያቄዎቹንና ውሳኔዎቹን ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። ሁለቱን መመሪያዎች አጣምሮ መጠቀም የሚበጀውም ለዚህ ነው።

ከእስቴ የሚገኝ ትምህርት

የአቻ ድጋፍን በተመለከተ መመሪያው የሚጠቅሰው በጣም አጭር ነው፤ እኛ ግን ከአማራ ክልል ገጠር የተገኘ የራሳችን ማስረጃ አለን። በደቡብ ጎንደር እስቴ ወረዳ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «የቲቢ ክበባት» ተቋቁመው ነበር። ከአንድ አካባቢ የመጡና በአንድ ቀን ክትትል ያላቸው ከሦስት እስከ ዐሥር የሚሆኑ ታካሚዎች ክበብ ይመሠርታሉ፣ ከመካከላቸው መሪ ይመርጣሉ፣ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ መድኃኒቱን መውሰዳቸውን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፤ የቀረውንም ይፈልጋሉ። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ዴርሞት ማሄር ይህን አሠራር በ2000 እ.ኤ.አ. ለዓለም አቀፍ አንባብያን አስተዋወቁት። መዓዛ ደምሴና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ንጽጽራዊ ጥናት፣ በክበብ የታቀፉት ታካሚዎች ካልታቀፉት ይልቅ ሕክምናቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደ ጨረሱ፣ ኅብረተሰቡም ለበሽታው ያለው አመለካከት እንደ ተሻሻለ አሳዩ።

በኤች አይ ቪ ሕክምናም የሆነው ይኸው ነው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ እናቶች ሌሎች እናቶችን የሚደግፉበት ቡድንና ታካሚዎች ታካሚዎችን ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚያግዙበት አሠራር በጤና ተቋማት ተተከለ። ክኒኑን ያመጣው መኪና ነው፤ ክኒኑ በየቀኑ እንዲዋጥ ካደረጉት መካከል ግን አንዷ ጎረቤቷን ያሳመነች እናት ናት።

እርግጥ ነው፣ ሱስ ቲቢ አይደለም። ቲቢ የያዘው ሰው ይታዘንለታል፤ ሱሰኛ ይወቀሳል። ቲቢ በወራት ሕክምና ይድናል፤ ሱስ ያገረሻል። ከሱስ የተላቀቀው አጋዥም አንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የእስቴው ክበብ እንዳለ ይገልበጥ አንልም። ነገር ግን ቅርጹ፣ ማለትም ጥቂት ሆኖ መሰብሰብ፣ በአንድ አቅጣጫ መምጣት፣ መሪን ራስ መምረጥና የቀረን መፈለግ፣ ለስሜን ግርጌ የተሰፋ ይመስላል።

መመሪያው የዘለላቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የርቀት ጥያቄ ነው። የሜታዶን ሕክምና ሲጀመር ታካሚው በየቀኑ በባለሙያ ፊት እንዲወስድ ይጠበቃል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ተራራ ወርዶ ደባርቅ የሚደርስ ታካሚ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ደባርቅ ያለውም ቢሆን የስፔሻሊስት ሕክምና ፈልጎ ወደ ጎንደር ቢላክ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። መመሪያው የከተማ ክሊኒክን በልቡ ይዞ የተጻፈ ነው። በአንጻሩ ቡፕረኖርፊን መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ለብዙ ታካሚዎች ቀን እየዘለለ ሊሰጥ ይችላል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ዓይነትም ከመመሪያው በኋላ በሌሎች አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለው ሕክምና ወደ አገራችን ገጠር ሲደርስ ምርጫው በርቀት ሚዛን ጭምር መመዘን ይኖርበታል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የአቻ አጋዥ ማን ይከፍለዋል? በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ፣ በዚያው ገንዘብ የተቀጠሩ 5000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ መደረጉ ተዘግቧል። ድጋፍን በለጋሽ በጀት ላይ ብቻ መትከል ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም። የእስቴ ክበባት መሪዎች ከታካሚዎቹ መካከል የተመረጡ ታካሚዎች ነበሩ። ይህ ማለት አጋዦችን በነጻ እናሠራ ማለት አይደለም፤ የድጋፉ ሥር በወረዳው በጀትና በማኅበረሰቡ ውስጥ ይተከል ማለት ነው።

ሦስተኛው የምስጢር ጥያቄ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ «የሱሰኞች ስብሰባ» ብሎ ሰሌዳ መለጠፍ ማንንም አያመጣም። ቡድኑ የሕመም ክትትል ቡድን ተብሎ ቢጠራ፣ የሚሰበሰበውም ሰው ለሌላ ጉዳይ ከተማ በሚወጣበት በገበያ ቀን ቢሆን፣ አባላቱ ያለ ሐፍረት ይመጣሉ። የቡድኑ የመጀመሪያ ሕግ በዚያ የተሰማ በዚያ ይቅር የሚል መሆን አለበት።

አራተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። ብዙ ታካሚዎቻችን ከጤና ጣቢያ በፊት ጸበል ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም መድኃኒታቸውን አቋርጠው ይሄዳሉ። ይህን በመከልከል የምናተርፈው ታካሚውን ማጣት ብቻ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጸበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ብዙ ምእመናንን ከጭንቀት አሳርፏል። የሱስ ሕክምናም በየደብሩ ካሉ የንስሐ አባቶች ጋር ተመሳሳይ መግባባት ይሻል። የንስሐ አባት ምስጢር ጠባቂ ነው፣ ቤት ለቤት ይሄዳል፣ ይደመጣል፤ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ሁልጊዜ ማሟላት ለእኛ ይከብደናል።

ዛሬ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሜታዶን በዳባት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የለም። ይህ ግን እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ትራማዶል ስናዝዝ የቀኑን ብዛት ወስነን መጻፍ፣ ድጋሚ ሲጠየቅም ሕመሙን እንደ ገና መመርመር እንችላለን። ጥገኛ የሆነውን ታካሚ በአንድ ቀን ከማስቆም ይልቅ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየቀነስን በየሳምንቱ ማየት እንችላለን። አቋርጦ እንደ ገና ቢጀምር በቀድሞው መጠን እንዳይወስድ፣ ከአረቄና ከዲያዜፓም ጋርም እንዳይቀላቅል ለእርሱም ለቤተሰቡም በግልጽ መንገር እንችላለን፤ ይህች አንዲት ምክር ነፍስ ታድናለች። ወደ ጎንደር ሪፈር ስንጽፍ ወረቀት ብቻ ሰጥተን ሳይሆን አስቀድመን ደውለን፣ ሲመለስ የሚያየውን ሰው ስም ነግረን መላክ እንችላለን። ከሱሱ የተላቀቀ ሰው ስናገኝም፣ ፈቃዱን ጠይቀን፣ ከባለሙያ ክትትል ሳይለይ ለሌላው ባልንጀራ እንዲሆን ማዘጋጀት እንችላለን። አጋዡ መድኃኒት አይሰጥም፣ አይከለክልም፤ እርሱ ራሱ ሲደክመው የሚሄድበት ባለሙያም ሊኖረው ይገባል።

ማጠቃለያ

መመሪያው ያስተማረን ትልቁ ነገር ቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ ታካሚው በሕይወት ይቆይ፤ ከዚያም ድጋፉን በየጊዜው እናቅርብለት፤ ዛሬ እምቢ ቢል ነገም እንጠይቀው። ያላስተማረን ደግሞ ይህን በተራራ አገር፣ በጥቂት ባለሙያና ከጦርነት ማግሥት እንዴት እንደምናደርገው ነው። ያንን ክፍል መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ሲካሄድባት የቆየችው ዳባት፣ የእስቴው ዓይነት ክበብ ለሱስ ሕክምና ይሠራ እንደ ሆነ ለመፈተን ከብዙ ቦታ ይልቅ የተመቸች ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የሁለቱ ወረዳዎች ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ጥያቄ በጋራ ቢያነሡት፣ የሚገኘው መልስ ለስሜን ብቻ ሳይሆን መመሪያውን ለጻፉትም የሚጠቅም ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በየክፍላችን የምናደርገው ቀላል ነው፦ እምቢ ያለውን ታካሚ ለመከራ አሳልፈን አንስጠው፤ ቀጠሮውን ጽፈን እንጠብቀው።